የመቂው አንድ ጎራሽ

ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ስወላውል በነበረበት ሰሞን መጀመሪያ የገዛሁት ጃኬት ነበር። ከአዳማ ልባሽ ተራ የወጣ፣ ኪሱ የበዛ፣ ቅጠልያ ጃኬት። ሻጩ «ይሄ የአዳኝ ነው» ሲለኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየችኝና «ዓሣ ልትነግድ ነው እንዴ?» አለች። እኔ ግን መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ሰው ሌላ ነበር፤ ዕድሜውን በበረሃ የፈጀ፣ ከነብር ጋር ተፋጥጦ ያላፈገፈገ፣ ትንሽ የሚናገር ሰው። ቦርጩን ብቻ ነው መደበቅ ያቃተው። ጃኬቱ አልቆለፍ ስላለኝ ክፍቱን ለበስኩት፤ ለራሴም አዳኝ ሰው ጃኬቱን አይቆልፍም አልኩት።

እውነቱን ለመናገር እኔ አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ ኋላ ላይ አዳማ ገብቶ ሱቅ ከፈተ፤ እኔም እዚያው ሱቅ ውስጥ በኩሽኔታና በፍሬን ሸራ መሃል አደግኩ። ለአረፋ በግ ሲታረድ እጄን ታጥቤ፣ ቢላዋውን ይዤ፣ ከዚያ ለጎረቤቴ የማቀብል የቤት አባወራ ነኝ። ውሻ ሲጮህብኝ ባጃጅ እጠራለሁ። ጥይት በቅርብ ሲተኮስ የሰማሁት አንድ ሰርግ ላይ ነው፤ ያኔም ሰው ሁሉ እልል ሲል ጠረጴዛ ሥር የተገኘሁት እኔ ነበርኩ። ሹካ ወድቆብኝ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ሹካ ግን አልያዝኩም።

ነገሩ የተጀመረው ከመቂ በተደወለ ስልክ ነው። ደዋዩ የባለቤቴ አጎት ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተባት ያሳደጓትም፣ የዳሯትም እሳቸው ናቸው። እኔም እንደ ልጆቻቸው «አባባ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ «ሶዳ» ይሉኛል፣ አማቻችን ለማለት። ከመቂ ወጣ ብሎ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚለማበት መሬት አላቸው። በወጣትነታቸው፣ ያ ሜዳ ጥቅጥቅ ያለ ግራር በነበረበት ዘመን፣ አገር ያወቃቸው አዳኝ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው አንድ የአደን ጠመንጃ ብቻ ነው፤ አንድ ጎራሽ፣ አንዴ ከተተኮሰ እንደገና እስኪያጎርሱት ዝም የሚል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ከርከሮ በቆሎ ውስጥ ሲገባ ይወርዳል፣ ወደ ሰማይ አንዴ ይጮሃል፣ ተመልሶ ይሰቀላል።

«ሶዳ፣ ጠመንጃዬን ግዛኝ» አሉኝ።

ለምን እንደሚሸጡት አልደበቁኝም። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። መሬቱን ለሁለት ከፍለው ሰጥተዋቸዋል፤ የውሃ ፓምፑ ግን አንድ ስለሆነ በተራ ነው የሚያጠጡት። ሽንኩርት ዋጋው ሲወጣና ደላሎቹ መኪና እያቆሙ ማሳ ድረስ መምጣት ሲጀምሩ ታናሹ በታላቁ ተራ አጠጣ። ታላቁ ሄዶ የታናሹን ቦይ ደፈነ። ከዚያ አካፋ ተማዘዙ፤ ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ አንዱ ይቀበር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም።

«አሁን ሁለቱም ቤቴ ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ግድግዳውን ነው የሚያዩት» አሉኝ አባባ። «እኔ አዳኝ ነበርኩ። የሚያነጣጥር ዓይን አውቃለሁ። እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ይውጣልኝ።»

ለምን ለሌላ ሰው እንደማይሸጡት ስጠይቃቸው የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ከድምፃቸው ገባኝ። ለአንዱ ልጅ ቢሰጡት ሌላው ከአባቴ ቤት ተባረርኩ ይላል። ለጎረቤት ቢሸጡት ሁለቱም ልጆች በቁማችን ተዋረድን ይላሉ። ለመንግሥት ቢያስረክቡት ደግሞ አገሩ በሙሉ «መሣሪያውን ተነጠቀ» ብሎ ያወራባቸዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ያን አይችሉትም። አማች ግን ዘመድም ነው፣ ባዳም ነው። አማች እጅ ሲገባ ጠመንጃው ከቤት ወጣም አልወጣም ማለት ይቻላል። በእነሱ ደንብ ያ ብረት ማንንም ሳያስቀይም ሊያርፍበት የሚችል ትከሻ ቢኖር የኔ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ነገር አስቀመጠች። ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ያደገች ናት፤ ታናሹን በጀርባዋ አዝላዋለች። «ግዛው» አለች። «ዛሬውኑ ግዛው። ቤቴ ግን እንዳይገባ።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«ሱቅህ ውስጥ። ከዛጉት ማርሾች ጋር።»

እንግዲህ ነገሩ የሁለት ወንድማማቾች ነፍስ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ሌት ተቀን የማስበው ስለ ማንገቻው ነበር። ቀኝ ትከሻ ላይ ነው የሚያምርብኝ ወይስ ግራ? ቅዳሜና እሑድ ወደ መቂ ስወርድ፣ ከበቆሎው ዳር ቆሜ ወደ ሐይቁ አሻግሬ ሳይ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው «እሱ እኮ ነው» ሲባባሉ ይታየኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ብቻ «እሱ እኮ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሰው የለም ብዬ አንድ የጭስ ማውጫ ቱቦ አነሳሁና ትከሻዬ ላይ ደገንኩት። ጉንጬን አስደግፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን የዘይት ቆርቆሮ አነጣጠርኩ። ቀስ ብዬ ስዞር በሩ ላይ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ የፈለግኩት ካንዴላ ብቻ ነው። ከሌለ ልሂድ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሹፌር ሁሉ ሱቄ የሚገባው እጁን አንስቶ ሆነ።

ነገሩ በሕግ ስለሆነ ዝውውሩ በፖሊስ በኩል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሄድኩ። የተቀበለኝ መኮንን ጃኬቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና ጃኬቴን አየ።

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ለአደን» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

«የምን አደን?»

«የከርከሮ።»

«ከርከሮ አይተው ያውቃሉ?»

«በቴሌቪዥን።»

መኮንኑ ጨዋ ሰው ስለነበር ፈገግታውን ወደ መስኮቱ አዞረው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ባለቤቴ በየምሽቱ «ምን ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔም «ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው» እላታለሁ። ደስ የሚል መልስ ነበር። ፈቃዱ መጣና ያ መልስ ከእጄ ወጣ። ያኔ ሌላ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ፤ ሥራ በዛ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ ጉንፋን ያዘኝ። ነገሩ ሲቀርብ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። ብረቱ እጄ ላይ ቢፈነዳስ? ሌባ ቢወስደውስ? ሰው «እስቲ ተኩስ» ቢለኝስ? አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ልግዛው ያልኩበት ምክንያት ሁሉ ስለ እኔ ነበር፣ አልግዛው ያልኩበትም ምክንያት ሁሉ ስለ እኔ ነበር። እነዚያ ሁለት ልጆች በየቀኑ ያንን ግድግዳ እያዩ ይወጣሉ ይገባሉ፤ እኔ አዳማ ቁጭ ብዬ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ።

ከዚያ አባባ ደወሉ። ከርከሮ የታናሹን ችግኝ ረግጦት አድሯል። ታናሹ ግን ከርከሮ ጫማ አያደርግም እያለ ነው። ታላቁ ደግሞ አልመለሰለትም፤ አባባን ያስፈራቸው ያ ዝምታ ነበር።

«ሶዳ» አሉ፣ «የምትመጣ ከሆነ ነገ ና። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ ቁርጡን ንገረኝ።»

በማግስቱ ሄድኩ። በሞጆና በቆቃ በኩል ወደ መቂ የሚወርደው ሚኒባስ በዚያ ሙቀት እንደ ምጣድ ግሏል፤ እኔ ግን ጃኬቴን አላወለቅኩም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ኪሶቼን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነህ ወይ አሉኝ። አይደለሁም ከማለቴ በፊት በቀያቸው ስለሚያልፈው መንገድ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ጎርፉ፣ ቃል ተገብቶላቸው ስለቀረው ድልድይ ይወርዱብኝ ጀመር። ለማስቆም ስላልቻልኩ መቂ ስንደርስ «እናየዋለን እማማ» ብዬ ወረድኩ። መረቁኝ።

አባባ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጥ ያሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ጎበጥ ብለውብኛል።

«አካም ጅርታ፣ ሶዳ?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት ነዎት አባባ?»

«ግባና ታየኛለህ።»

ሁለቱንም ልጆች ጠርተዋቸዋል፤ ሽያጩን በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ኋላ ተሰረቅን እንዳይሉ። ታላቁ በበሩ በኩል፣ ታናሹ በጓዳው በኩል ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ያለው ወለል ሌላ አውራጃ ያህል ይሰፋል። ሁለቱም ተነስተው ሳሙኝ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ታላቁ በተዳረ ጊዜ ሚዜዎቹን በመኪና ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ታናሹን መኪና መንዳት ያስተማርኩት፣ አጥር ጥሶ ሲገባም ኃላፊነቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወተት ቀረበ። ሦስታችን ከአባባ ጋር ስለ ዝናብ አወራን፤ ወንድማማቾቹ ግን የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። ታላቁ አንድ ነገር ይለኛል፣ ታናሹ መልሱን ለእኔ ይነግረኛል። አንገቴ እስኪደክም ወዲያና ወዲህ ስዞር ቆየሁ።

አባባ ተነሱ። ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረዱት፣ ከፍተው ባዶ መሆኑን ለሁላችንም አሳዩ፣ ጋቢ አጥፈው ጉልበቴ ላይ አነጠፉና በላዩ አስቀመጡት።

«እየው» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ዕቃው ሲቀርብለት መጀመሪያ ያጣጥለዋል። የሚፈልገውን ዕቃ ደግሞ አብዝቶ ያጣጥለዋል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ገዢው ዝም ብሎ ካደነቀለት እንዲያውም ይጠረጥራል። ዳይናሞ ይምጣልኝ፣ የሞተር ክዳን ይምጣልኝ፣ ዕቃው እጄ ላይ ሲያርፍ አፌ በራሱ ይከፈታል። ያን ቀን ግን ልከራከር አልሄድኩም። መንገዱን በሙሉ ለራሴ ስመክር ነው የሄድኩት፤ የሚሉህን ትከፍላለህ፣ አመሰግናለሁ ትላለህ፣ ትወጣለህ ብዬ።

ከዚያ ሰደፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ አየሁት። በሽቦ ታስሯል።

«ውይ፣ ይሄ እኮ ተሰንጥቋል» አለ አፌ።

 ዝም ማለት ሲገባኝ ዝምታቸው የሻጭ ዝምታ መሰለኝ።

«ደግሞ በሽቦ ነው የጠፈሩት? በሽቦ? አፈሙዙም ዝጓል። ምላጩን እዩት፣ ልል ነው፤ ይሄ ሰው ቢስቅም ይተኩሳል። አሁን ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከየት ይገኛል? መለዋወጫው የለም፣ አልቋል። እንዲህ ዓይነቱን እኔ ጋ ሲያመጡልኝ በኪሎ ነው የምመዝነው። እኔ ስለሆንኩ እንጂ ይሄንን ቁራሌውም አያነሳው።»

ቁራሌው እንግዲህ በየሰፈሩ እየዞረ ውራጅ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ነው። ይህን ብዬ ቀና ስል የአባባን ፊት አየሁት። ያ ፊት መቼም አይጠፋኝም። አልተቆጡም። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠመንጃ ቁልቁል አዩት፤ እንደዚያ መሆኑን ገና አሁን የሰሙ መሰሉ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ታላቁ ነው።

«ምን አልክ?»

«አይ፣ እኔ እንዲያው ለዋጋው…»

«ቁራሌ ነው ያልከው? የአባቴን ጠመንጃ?»

«ያንን ስንጥቅ ታውቀዋለህ አንተ?» አለ ታናሹ ከጓዳው በኩል፤ እሱም ተነስቷል። «ንገረው እንጂ! ስንጥቁን ንገረው!»

«ንገረው» ያለው ለእኔ አልነበረም። ለወንድሙ ነበር።

ታላቁ ጠመንጃውን ከጉልበቴ ላይ አነሳው። ታሪኩን ነገረኝ፤ ልጅ እያለ ወንዝ ሞልቶ ደርሶባቸው ነበር። አባታቸው ታናሹን በጀርባቸው አዝለው ሲሻገሩ ታላቁ ከእጃቸው አመለጠ፤ ውሃው ሲወስደው ባዶውን ጠመንጃ በአፈሙዙ በኩል ይዘው ሰደፉን ዘረጉለት። በእሱ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሲጎትቱት ሰደፉ ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰነጠቀ።

«በዚህ በኩል ነው የያዝኩት» አለ፣ ሽቦውን በጣቱ እየነካ።

«እኔ ጀርባቸው ላይ ነበርኩ» አለ ታናሹ።

«አንተ ምን ታስታውሳለህ፣ የወተት ጥርስህ እንኳ አልተነቀለም ነበር።»

«ማልቀሴን አስታውሳለሁ።»

«እሱስ እውነት ነው። ከውሃው ይልቅ ጆሮዬን የቀደደው የአንተ ጩኸት ነው።»

«አንተስ ሱሪህ ተወስዶ አልነበር? ቤት ድረስ በአባባ ጋቢ ተጠቅልለህ አልገባህም?»

ታላቁ ሊስቅ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝና ፊቱ ተመለሰ። «አይሸጥም!» አለ። «ለማንም አይሸጥም!» አለ ታናሹ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በላዬ ቆመዋል፤ ያ ሰፊ ወለል ባዶውን ቀርቷል። የሰደቡኝን እዚህ አልጽፈውም። አዳማ ላይ ያለውን ሱቄን፣ ሚዛኔን፣ ጃኬቴን አንድ በአንድ አዳረሱት። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

አባባ እንደ ደንቡ እስከ መንገድ ሸኙኝ። ግራሩ ሥር ስንደርስ እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀጥዬም፣ ሰው መቼም ራሱን አይረሳምና፣ «ግን አባባ፣ ሲያዩት እኮ ደግ ሆነ። ታረቁ» አልኳቸው። በልቤ ደስ ብሎኛል። ጠመንጃ መግዛቱ ቀረልኝ፣ ልጆቹም ተስማሙ፣ እኔም ቤቴ ልገባ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አለቀ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልታረቁም። አንተን ነው አብረው የጠሉት። ነገ የውሃ ተራ ነው።» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «እስከ ዛሬ ያ ብረት ብረት ነበር፣ ሶዳ። ዛሬ አንተ ስትሰድበው ዋጋው ታወሳቸው። አሁን ታላቁ የኔን ነፍስ ያተረፈ ነው ይላል። ታናሹም እዚያው ጀርባ ላይ ነበርኩ ይላል። ማታ ማን ይወርሰዋል ይባባላሉ። ከነበረበት አባስከው።»

ደነገጥኩ። 

«ስለዚህ አሁን ትወስደዋለህ» አሉ። «ቁጣቸው ሳይበርድ፣ አሁን። እኔ ሸጥኩለት እላቸዋለሁ። ሁለቱም ይጠሉሃል። እኔን አይጠሉኝም፣ እርስ በርሳቸውም አይጠላሉም፤ አንተን ይጠላሉ። ትችለዋለህ?»

እነሆ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ልግዛ አልግዛ ስል የኖርኩበት ጉዳይ ዋጋው ይኼ መሆኑን እዚያ ግራር ሥር ነው የሰማሁት። እኔ ሰው እንዲያደንቀኝ ነበር ጠመንጃ የፈለግኩት። የምጠላበትን ነው የሚሸጡልኝ። ከዚያ በፊት የፈራሁት ፍርሃት ሁሉ፣ ፍንዳታውም ሌባውም፣ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ታናሹ በበዓል ቀን ሮጦ መጥቶ አንገቴ ላይ የሚጠመጠመውን አሰብኩ። እነዚያ ልጆች የኔም ወንድሞች ናቸው፤ ወንድም የለኝም። ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው። ይህ ሰው አይለምንም፤ አሁን ግን እየለመነኝ ነበር።

«እችላለሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር።

ዋጋውን ነገሩኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ያለ ክርክር ገዛሁ።

ተመልሰን ስንገባ ወንድማማቾቹ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባባ «ጠመንጃው የእሱ ሆኗል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ። በአባታቸው ቃል ላይ አልተናገሩም፤ አያደርጉትም። ዓይናቸው ግን በእኔ ላይ ነበር። ስወጣ ታናሹ ከበሩ አልተላወሰም፤ በጎኑ ተጠግቼ አለፍኩ። «ጋሼ» ማለቱ ቀርቶ «ሰውዬ» አለኝ። «ሰውዬ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይህ።»

አባባና እኔ ጠመንጃውን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ ስሙ ወደ እኔ ዞረ፣ የተረፉትን ጥይቶች እዚያው አስረከብን። አሁን ሱቄ ውስጥ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ይኖራል። ተኩሼበት አላውቅም፣ ለመተኮስም አልመኝም። አልፎ አልፎ ከፍቼ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ያኔም አፌን ዘግቼ ነው።

አረፋ ሲቃረብ ታላቁ ደወለ። ቁጥሩን ሳየው ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ በአንዴ ስልኩን አነሳሁ። ሰላምታ የለም።

«እኔና ወንድሜ ተነጋግረናል» አለ። «እህታችን ለበዓሉ ትምጣ። አንተ ግን አትምጣ።»

«እሺ» አልኩ።

ባለቤቴ ሄደች፤ እኔ አዳማ ቀረሁ። የበዓል ቀን ከሶላት መልስ ብቻዬን ቤት ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሥጋ ላከልኝ፤ አልወረደልኝም። ማንም ያላስገደደኝን ነገር አድርጌ ሰው እንዲያዝንልኝ መፈለጌ ያስቃል፤ ግን ፈለግኩ። ከፍቶኝ ነበር፣ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከመቂ ደወለች። በልተዋል፣ አባባ ደህና ናቸው፣ በእሷ በኩል ሰላም ብለውኛል። ውሃውስ ስላት፣ ትናንትም በተራው ተጨቃጭቀው ነበር አለችኝ፤ ተጨቃጭቀው ግን አብረው ምሳ በሉ። ሌላም ነገር ትነግረኛለች፤ እኔ ግን ከኋላዋ የሚመጣ ድምፅ ይዞኛል። ወንዶች ይስቃሉ፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ሳያስጨርሰው ይቀበለዋል፣ እንደገና ይፈነዳሉ።

«እነማን ናቸው የሚስቁት?»

«ሁለቱ ናቸዋ።»

«በማን ነው?»

«በማን ይመስልሃል?» አለች፣ ቀስ ብላ። «ልዝጋው ይሆን?»

«አትዝጊው» አልኳት። «ጠጋ በያቸውና ስልኩን ዝም ብለሽ ያዥልኝ።»